መልስ፦ መብረቁን እያየሁ አፑ ለምን ዝም ይላል?

ወንድሜ፣ «ከኮምቦልቻ ማታ ማታ መብረቅ እያየሁ የስልኬ የመብረቅ አፕ ባዶ ነው፤ አውሮፓ ያለው ዘመዴ ግን የአካባቢውን እያንዳንዷን በአፑ ያያል» ላልከው። ስልክህ አልተበላሸም።

አብዛኛው መብረቅ መሬት አይነካም። እዚያው ደመናው ውስጥ ብልጭ ብሎ ይቀራል። መሬት የሚመታው ግን ኃይለኛ የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል፤ ሞገዱ በሺዎች ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የተለያየ ቦታ ያሉ መቀበያዎች ሞገዱ የደረሰባቸውን ሰዓት አነጻጽረው ቦታውን ያሰላሉ፤ አፑ የሚያሳይህም ይህንኑ ነው። የደመናው መብረቅ በዚህ ሞገድ ደካማ ስለሆነ ቅርብ መቀበያ ይፈልጋል። አውሮፓ መቀበያው እንደ አሸን ነው። እኛ ጋ የተራራቀ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ሳተላይት ይሻላል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም የመጠቀው የአውሮፓ የአየር ሁኔታ ሳተላይት፣ ሜቴኦሳት፣ አፍሪካንም ጭምር ከላይ እያየ ብልጭታውን በብርሃኑ ይይዛል፤ ደመና ውስጥ ያለውንም። መሬት ይምታ አይምታ መለየት ግን ይቸግረዋል።

አፑ ባዶ ሲሆንብህ ጆሮህን ተጠቀም። ሐምሌ ላይ ኮምቦልቻ በረንዳ ቆሜ በጦሳ ተራራ በኩል ብልጭ ሲል ሰከንድ መቁጠር ጀመርኩ። 40 ስደርስ አጉረመረመ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ገደማ ስለሚወስድበት፣ ለ3 ስታካፍለው 13 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ደሴ ላይ ነበር ማለት ነው። በባቲ በኩል ድምፅ አልባ ሆኖ የሚያበራው ደግሞ ሩቅ ስለሆነ ነው። ነጎድጓድ ከ20 ኪሎ ሜትር ወዲያ ብዙም አይሰማም።

ቆጠራው ከ30 በታች ከሆነ ግን አደራ፣ ቶሎ ቤት ግባ። ዛፍ ሥር እንዳትጠለል።