ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው የግድ ሞግዚት ያስፈልገዋል ወይ?

ውድ እህቴ፣ «ልጄ በቅርቡ 18 ዓመት ይሞላዋል፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ስላለበት ጋርዲያንሺፕ (በፍርድ ቤት የሚሰጥ ሞግዚትነት) ካላወጣሽ በሕክምናውም በትምህርቱም ቃል የለሽም ተባልኩ፤ እውነት ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ከአራት ዓመት በፊት እኔም እዚሁ ቴክሳስ ውስጥ በዚሁ ጭንቀት አልፌ ስለነበር ያየሁትን ልንገርዎት።

እውነቱ ግማሹ ነው። ልጅዎ 18 ዓመት ሲሞላው በሕግ ፊት ለራሱ የሚወስን ሰው ስለሚሆን የወላጅነት ሥልጣንዎ ያበቃል፤ መውጫው ግን ጋርዲያንሺፕ ብቻ አይደለም። ቴክሳስ በ2015 በድጋፍ የመወሰን ስምምነትን፣ ማለትም ሰውየው የሚያምነውን ደጋፊ መርጦ ውሳኔውን ግን ራሱ የሚወስንበትን ውል፣ በሕግ የተቀበለች የመጀመሪያዋ ግዛት ናት፤ ዳኛም ሞግዚት ከመሾሙ በፊት ከዚያ የቀለለ አማራጭ መኖር አለመኖሩን መመርመር አለበት። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ቨርጂኒያ ውስጥ ዳውን ሲንድሮም ያለባት ጄኒ ሃች፣ ያለ ፈቃዷ በግሩፕ ሆም (አካል ጉዳተኞች በጋራ በሚኖሩበት ቤት) እንድትኖር ከተደረገች በኋላ፣ ተሟግታ ከመረጠቻቸው ወዳጆቿ ጋር የመኖር መብቷን ስታስከብር ነበር በድጋፍ የመወሰን ሐሳብ በሰፊው የታወቀው።

ሞግዚት በልጅዎ ቦታ ሆኖ ይወስናል፤ ሞግዚትነቱ ሙሉ ከሆነ የት እንደሚኖር የመምረጥ፣ በምርጫ ድምፅ የመስጠት መብቱ እንኳ ሊወሰድበት ይችላል። በስምምነቱ ግን ደጋፊው መረጃ ያሰባስባል፣ ያስረዳል፣ ውሳኔውን ለሚመለከተው ያደርሳል እንጂ አይወስንለትም። ፊርማው በኖተሪ (ፊርማ በሚያረጋግጥ ሰው) ወይም በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈጸማል፤ ፍርድ ቤት አያስኬድም፤ ልጅዎም በፈለገ ጊዜ ሊያቋርጠው ይችላል።

ልጄ ዳውን ሲንድሮም አለባት። ለጤናዋ እኔን፣ ለገንዘቧ ታላቅ ወንድሟን መረጠች። በጊዜው ከፍቶኝ ነበር፤ ኋላ ግን ትክክል መሆኗ ገባኝ፤ እሱ ሲያስረዳት ይታገሣል፣ እኔ እቸኩላለሁና። ከፊርማው ይልቅ የከበደኝ የጥርስ ሐኪሙ ስለ መንቀል ለእኔ ሲያወራ «እባክዎ ለእሷ ይንገሯት» ብሎ ዝም ማለት ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ እኔ ነበርኩ የምናገርላት። እሷ ግን የሚያም እንደሆነ ጠየቀች፤ ከዚያም የአክስቷ ልጅ ሠርግ እስኪያልፍ ይቆይልኝ አለች። ሐኪሙ መዘግየቱ እንደማይጎዳት አረጋግጦ ተስማማ። እኔ ብሆን ዛሬውኑ ይነቀል እል ነበር።

ስምምነቱ ሁሉን አይፈታም። የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ማኅበራዊ ዋስትና) ገንዘቡን የሚቀበልለት ሰው ካስፈለገ መሥሪያ ቤቱ በራሱ አሠራር ይሾማል። ሕጉን የማያውቁ የባንክ ሠራተኞችም ስለሚያጋጥሙ ቅጂውን ይያዙ። ፈቃዱን በምንም መንገድ ሊገልጽ ለማይችል፣ ወይም ሰው እየበዘበዘው ላለ ልጅ ቤተሰብ ፍርድ ቤት ቢሄድ አልፈርድም፤ ያኔም ቢሆን በተወሰኑ ጉዳዮች ላይ ብቻ የሚሠራ ሞግዚትነት እንዲሰጥ ይጠይቁ።

ልደቱን አይጠብቁ። ስለ ሕክምናው፣ ስለ ገንዘቡና ስለ ሥራው ከማን ጋር መማከር እንደሚፈልግ ለየብቻ ይጠየቅ፤ ከቻሉ ደግሞ ጠያቂው ሌላ የሚያምነው ሰው ይሁን፣ እርስዎም በዚያ ሰዓት ከክፍሉ ይውጡ።