ማርሚታው ከጀልባው ወለል አልላቀቅ አለኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። አሮጌ ሸራ ጀልባ ገዝቼ ሞተሩን ልቀይር ተነስቻለሁ። ሞተሩ ወጥቷል፣ ጀልባውም ከውሃ ውጭ ነው። ጣጣው ያለው ጭስ ማውጫው ላይ ነው። ማርሚታው (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ሳጥን) ፕላስቲክ ሲሆን ከወለሉ ጋር በነጭ ሙጫ ተጣብቋል። ከኋላ ጭሱና ውሃው የሚወጣበት የፋይበር ግላስ ቱቦ ደግሞ ከቀፎው (ከጀልባው አካል) ጋር በሬዚን፣ ማለትም ደርቆ በሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ፣ ተገንብቷል። ማርሚታውን ከዚህ ቱቦ ጋር የሚያገናኘው ጎማ እንኳ ከቱቦው አልወጣም ብሏል። በካቻቢቴም በመዶሻም ሞከርኩ፣ ንቅንቅ የለም። ዕቃዎቹን ሳልሰብር ባወጣቸው ደስ ይለኛል፣ መልሼ እገጥማቸው ይሆናል። ወይስ ሙጫውን የሚያሟሟ ኬሚካል አለ?
(ጓዳው ውስጥ የተቀረቀርኩት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በቅድሚያ መዶሻውን አስቀምጠው። እኔም የጀመርኩት እንዳንተው ነበር። ማርሚታው ሥር ወፍራም ብረት ሰክቼ ባለ በሌለ ጉልበቴ ተጫንኩት። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሙጫው ለቀቀ ብዬ ደስ አለኝ። መብራት አምጥቼ ሳይ ማርሚታው እንዳለ ተቀምጧል፤ የተነሳው የቀፎው የውስጥ ሽፋን ነው። ብረቱ ያረፈበት ቦታ መዳፍ የሚያህል ነጭ ሆኗል። ፋይበር ግላስ ላይ እንዲህ ያለ ንጣት ስታይ ንብርብሩ ውስጥ ለውስጥ ተላቋል ማለት ነው። አንድ አሮጌ ማርሚታ ላተርፍ ብዬ ቀፎ ስጠግን ከረምኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉሃል እንዲህ ነው።

ስለዚህ "ሳልሰብር" ያልከው ላይ ትንሽ ልከራከርህ። እንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ ከሁለት አንዱ ይጎዳል፣ ዕቃው ወይ ቀፎው። እንግዲያው ዕቃው ይሙት። ማርሚታ ሌላ ይገኛል፤ ቀፎው ግን ያው አንድ ነው። ደግሞም አሮጌ የፕላስቲክ ማርሚታ መልሶ መግጠም እኔ ብሆን አላደርገውም። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ሙቀት አለው። ጎማና ፕላስቲክ የሚችሉት የባሕር ውሃ መንገድ ላይ ስለሚቀላቀልበትና ስለሚያቀዘቅዘው ብቻ ነው። ፓምፑ አንድ ቀን ውሃ ካቆመ ፕላስቲኩ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን ያ ሙቀት ደርሶበታል ማለት ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ይህን ነግሮህ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። የተሰነጠቀ ማርሚታ ደግሞ ውሃ ብቻ አይደለም የሚያፈሰው። ካርቦን ሞኖክሳይድም ያስገባል። እሱ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የሚገባውም አንተ የምትተኛበት ክፍል ነው።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ማርሚታውን አራግፍ። ሞተር ሲጠፋ ከጎማው ተመልሶ የሚወርደውን ውሃ እንዲይዝ የተሠራ ስለሆነ ሁሌም ሆዱ ውስጥ ውሃ አለ፣ ያውም ጥላሸት የጠጣ ጥቁር ውሃ። ባልዲ ሳትደቅን ከቆረጥከው ጓዳው ይጠቁራል። ባትሪዎቹን ንቀል። የነዳጅ ሽታ ካለ ደግሞ ቦታው በደንብ ሳይናፈስ ሙቀት የሚተፋም ሆነ ብልጭታ የሚያወጣ መሣሪያ እንዳታስነሳ፣ በተለይ ሞተሩ ቤንዚን ከነበረ። አንድ ሌላ ነገር፦ ጀልባው በጣም አሮጌ ከሆነና ከሞተሩ በሚነሳው ደረቅ የጭስ ቱቦ ላይ ነጭ ወይም ግራጫ ጨርቅ መሳይ ነገር ከተጠቀለለበት አትንካው። አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። እሱን በደረቁ መቦጫጨቅ ለሳንባ መርዝ ነው፤ አስመርምረውና የሚያውቅ ሰው ያንሳው።

ጎማው ቀላሉ ነው። ማሰሪያዎቹን ፍታ፣ ከዚያ መጎተቱን እርሳው። ቱቦው የገባበትን ክፍል በከተር በቁመቱ ሰንጥቀው። ውስጡ የሽቦ ጥምዝ ስላለው ከተሩ ይንሸራተታል፤ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በፒንሳ ቁረጣቸው። የፈላ ውሃ ያረፈበት ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ብትጠመጥምበት ጎማው ይለሰልስና እንደ ሙዝ ልጣጭ ይላጥልሃል። ቱቦውን ልታቆየው ካሰብክ ከተሩን በጥልቀት አትጫነው። ቱቦው ላይ የምታወጣው ጭረት ነገ ውሃ የሚያልፍበት መንገድ ይሆናል።

ማርሚታው ላይ ከመድረስህ በፊት ሙጫውን እወቀው። ጥፍርህን ሰካበት። እንደ ላጲስ ወደ ውስጥ ገብቶ ከተመለሰ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊዩሬቴን የሚባለው ጎማ መሳይ ሙጫ ነው። አንሸራታች ሆኖ ስታሸው እየተፈረፈረ የሚላጥ ከሆነ ሲሊከን ነው፣ እድለኛ ነህ። ጥፍር የማይገባው፣ ስታንኳኳው እንደ ሸክላ የሚጮህ ከሆነ ሬዚን ወይም ኢፖክሲ (ደርቆ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ነው። አንተ "ነጭ" ያልከው የመጀመሪያው ይመስለኛል። ከነዚህ ውስጥ ስሪኤም 5200 የሚባለው ዓይነት ላይነቀል ተብሎ የተሠራ ነው። በ5 እና በ7 ቀን መካከል ሙሉ በሙሉ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ በጉልበት ስትመጣበት ከሙጫው በፊት የያዘው ነገር ቢላጥ አይግረምህ። የእኔ ቀፎ የደረሰበትም ይኸው ነው።

ፖሊዩሬቴንን የሚያሸንፈው ሙቀት፣ ቀጭን ሽቦና ትዕግሥት ነው። ሙቅ አየር በሚተፋው መሣሪያ የሙጫውን ዙሪያ እያንቀሳቀስክ አሙቀው፣ አንድ ቦታ አትቁም። እጅህን አስቀምጠህ የማትታገሠው ከሆነ ይበቃል። ከዚያ በላይ ካጋልከው የቀፎው ሬዚንም መለስለስ ይጀምራል። ከዚያ ወፍራም የጊታር ክር ወይም ቀጭን የብረት ሽቦ ጫፍና ጫፉን ዱላ ላይ ጠምጥመህ ከማርሚታው ሥር አስገባና እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ሳበው። በረጅሙና በዝግታ ሳብ፤ ስትቸኩል ሽቦው ይበጠሳል። ሽቦው በሄደበት ልክ የእንጨት ሽብልቅ ከኋላ እያስገባህ ሂድ። አይዞህ፣ ሽብልቁ የሚፈነቅል ሳይሆን የሚወጥር ይሁን። ይህ ሙጫ ድንገተኛ ምት አይፈራም። ሳያቋርጥ የሚስበው ነገር ግን ያደክመዋል። ማታ ሽብልቆቹን ጠበቅ አድርገህ ተኛ፤ ጠዋት ስትመጣ አንዱ ጥግ ተነስቶ ልታገኘው ትችላለህ። እውነቴን ነው፣ እኔ ግማሹን ሥራ የሠራሁት ተኝቼ ነው።

ሽቦ የማይገባበት ጠባብ ቦታ ከሆነስ? ያኔ ማርሚታውን ራሱን ቆራርጠው። በሚንቀጠቀጠው ትንሽ መጋዝ ጎኖቹን ከወለሉ ጥቂት ከፍ አድርገህ ቁረጥና አናቱን አንሳ። የሚቀርህ ቀጭን የፕላስቲክ ወለል ነው። እሱን እያሞቅህ በስፓቱላ ስትገባበት እንደ ቆዳ ይገፈፋል። የቀረውን ሙጫ በስለት ፋቀው፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ጨርሰው።

ኬሚካሉን ጠይቀሃል። አሴቶን የደረቀ ፖሊዩሬቴን አይፈታም፤ እጅህን ማድረቅ ብቻ ነው። ሙቅ አየር አጠገብ ከሆነ ደግሞ እሳት ነው። ለፖሊዩሬቴን ተብለው የሚሸጡ ማላቀቂያ ፈሳሾች አሉ፣ ይሠራሉ፣ ግን ሙጫው ውስጥ መግባት አለባቸው። ስለዚህ በስለት ከፈትክ፣ ረጨህ፣ ጠበቅህ፣ እንደገና ከፈትክ። ኢፖክሲና ሬዚን ላይ ግን ምንም አያደርጉም።

አሁን ከባዱ፣ የኋላው ቱቦ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ የግድ መውጣት አለበት? በሳንቲም ዙሪያውን አንኳኳው። ድምፁ ጥርት ያለ ከሆነ፣ ከመጋጠሚያው የሚወርድ ቡናማ ወይም ጥቁር እንባ ከሌለ፣ ስፋቱም አዲሱ ሞተር ከሚጠይቀው የማያንስ ከሆነ ተወው። በሬዚን በደንብ የተገነባ ቱቦ የቀፎው አካል ሆኗል፣ ምንም አላጠፋም። እኔ ብሆን እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ጠባብ ከሆነ ወይም ከተሰነጠቀ ግን ይውጣ። ሙቀት እዚህ አይረዳህም፣ ቱቦውን የሚያለሰልስ ሙቀት ቀፎውንም ያለሰልሳል። በውስጥም በውጭም የተረፈውን ቱቦ ከቀፎው እኩል ቁረጠው። ከዚያ የሰጌቶ ምላጭ ብቻውን አውጥተህ መያዣውን በጨርቅ ጠቅልለህ ወደ ቱቦው ሆድ አስገባውና በቁመቱ ሦስት ወይም አራት ቦታ ሰንጥቀው። ዱቄቱን ተመልከት። የቱቦውና የቀፎው ሬዚን ብዙ ጊዜ ቀለማቸው ይለያያል፤ ዱቄቱ ቀለም ሲቀይር ቁም። ከዚያ አንዱን ክፍል በመሮ ወደ ውስጥ፣ ወደ ባዶው፣ ሸብረክ ስታደርገው ይወድቃል። አንዱ ከወጣ ሌሎቹ ይከተላሉ። ቀዳዳውን ማስፋትህ ካልቀረ ደግሞ የእንጨት ክብ ቱቦው ውስጥ ወትፈህ በእሱ መሀል ላይ ክብ መጋዝ ያለው ድሪል ተክለህ አንድ ላይ አውጣው፤ እንጨቱ ከሌለ ድሪሉ መሀል ስለማይኖረው እየዘለለ ቀፎውን ይቦጭረዋል። ለዚህ ሁሉ ደህና ማጣሪያ ያለው ጭንብልና መነጽር አድርግ። የፋይበር ግላስ ዱቄት ሲያሳክክ የሚያድረው ቆዳ ብቻ አይደለም።

ቀዳዳው ሲከፈት ጠርዙን በጣትህ ዳስሰው። መሀሉ እንጨት ከሆነና ከረጠበ ወይም ከጠቆረ የበሰበሰውን ጠርገህ አድርቀህ ጠርዙን በወፈረ ኢፖክሲ ሙላው፣ አለዚያ አዲሱ ቱቦም በሰበሰ ነገር ላይ ነው የሚቆመው። ቀዳዳውን ጨርሶ ልትደፍነው ከሆነ ደግሞ ጠርዙን በውፍረቱ 12 እጥፍ አዘቅዝቀህ ሞርደው። ቀፎው 1 ሴንቲሜትር ውፍረት ካለው ዙሪያውን 12 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ብዙ ይመስላል፣ ግን አዲሱ ፋይበር አሮጌውን የሚይዘው በዚያ ስፋት ነው።

አዲሱን ማርሚታ ስትገጥም በቀበቶ እሰረው። ቀበቶው ሁለት የእንጨት መቀመጫ ላይ በቡሎን ይያዝ፣ ሲያስፈልግ በ10 ደቂቃ ይፈታል። እዚያ ላይ ሙጫ ያፈሰሰው ሰው ምን አስቦ እንደነበር እስካሁን አልገባኝም።