የማበረታቻው ገንዘብ ለማን ይሁን?

እህቴ፣ «ትምህርት ቤታችን ያለችውን ገንዘብ በተማሪ ውጤት ለሚለካ የመምህራን ማበረታቻ ያውላት ወይስ ለጀማሪ መምህራን አማካሪ ይመድብባት?» ብለው ጠይቀዋል። ጅማ ከተማና ዙሪያዋ 19 ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ፤ ለአማካሪው ያውሏት እላለሁ።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አማካሪዬ የተማሪዎቹን አቀማመጥ ወረቀት ላይ ነድፈው ከኋላ ተቀመጡ። የጠየቅሁት ልጅ ባለበት ቦታ ሁሉ ነጥብ ያደርጋሉ። ሲደወል ወረቀቱን ምንም ሳይናገሩ ሰጡኝ። 23 ነጥብ፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም በመስኮቱ በኩል ካሉት ሁለት የፊት ወንበሮች ላይ። የቀረው ክፍል ባዶ ማለት ይቻላል! ፊቴ ጋለ። በማግስቱ ጥያቄዬን ከኋላ ወንበር ጀመርኩ። ገንዘብ ቢጨመርልኝ ኖሮ ይህን ጥፋቴን ከየት አውቀው ነበር?

በኋላ በሠራሁበት አንድ ትምህርት ቤት በክፍሉ አማካይ ውጤት ማበረታቻ ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ የመልመጃ ወረቀት መዋዋስ ቀረ። ደካማ የሚባለውን ልጅ «ወደ እኔ ክፍል አታምጡብኝ» መባባል መጣ፤ እኔም ብያለሁ፣ ዛሬም ያሳፍረኛል። ደግሞስ ቡና በሚለቀምባቸው ቀበሌዎች ከጥቅምት ጀምሮ ክፍሉ ሲሳሳ፣ ለወረደው ውጤት መምህሩ ይጠየቅበታል?

በሕንድ አንድራ ፕራዴሽ ማበረታቻው ውጤት ማሻሻሉን አልክድም። በጎረቤት ኬንያ ግን በ50 ትምህርት ቤቶች ሲሞከር የፈተና ማለማመጃው በዛ፣ የዚያው ፈተና ውጤት ከፍ አለ፤ የመምህራኑ መቅረት አልቀነሰም፣ ጭማሪውም ፕሮግራሙ ሲያበቃ አልዘለቀም።

ምክሩም ቢሆን በወረቀት ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም። ለጀማሪ መምህር የተደነገገው የ2 ዓመት የሙያ ትውውቅ፣ እኔ ባየሁባቸው ትምህርት ቤቶች ማህደረ ተግባር (የሥራ ማስረጃ የሚሰበሰብበት ፋይል) ሞልቶ ማስፈረም ሆኖ ቀርቷል። በአማካሪዎቹ አልፈርድም፤ ሳምንቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ የሚውል ሰው የሌላውን ክፍል መቼ ገብቶ ይይ? ስለዚህ ገንዘቧ ጊዜ ትግዛለት፦ በሳምንት 4 ክፍለ ጊዜ ይቀነስለት፣ ለሚሸፍንለት መምህር ይከፈል። አማካሪው የሥራ አፈጻጸም ነጥብም አይስጥ፤ ጀማሪ ነጥብ ለሚሰጠው ሰው ድክመቱን አያሳይም።

ጥያቄውን ነሐሴ ላይ፣ የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ሳይወጣ ያቅርቡ። መስከረም ከገባ በኋላ 4 ክፍለ ጊዜ የሚቀበል ሰው ማግኘት ከባድ ነው።