ልጅሽን ቤት አትደብቂው

እህቴ፣ «የ4 ዓመት ልጄ ኦቲዝም አለበት ተባለ፤ ጎረቤት እንዳያየው ቤት ላቆየው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ኦቲዝም ያለበትን ልጄን ዓመት ሙሉ ሸሽጌዋለሁ። ቡና ስጠራ እንኳ አልሄድም ነበር። በመጨረሻ ለጎረቤቶቼ ነገርኳቸው፦ እርግማን አይደለም፣ የአንጎል ዕድገት ልዩነት ነው። ድምፅ ሲበዛበት ጆሮውን ይይዛል፣ አትጩሁበት አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ፍቅር ብነግርሽ! የጎን ቤቷ እትዬ ቡና ልትወቅጥ ስትል ቀድማ ትነግረኛለች። የሰፈር ልጆች ኳሱን በእጁ ይሰጡታል። አንድ ቀን ልጄ ለባለሱቁ የዳቦ ሥዕል ሲያሳየው ወዲያው ገባውና ዳቦውን ሰጠው። ያን ቀን አለቀስኩ።

አዲስ አበባ ካለሽ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ጠይቂ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበረችው ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረተችው ነው። እስከዚያው በሥዕል ማውራቱን፣ ማለትም የሚፈልገውን ነገር ሥዕል እያሳየ መጠየቁን፣ ቤት ጀምሪለት።