መልስ፦ ከኮታ ይልቅ የማደጊያው በር ይስተካከል

«አንዱ ክልል በእግር ኳስ ሊጉ ብዙ ክለብ ሲኖረው ሌላው ምንም የለውም፤ ለየክልሉ ኮታ ይሰጥ ወይ?» ለሚለው፦ በከፍተኛው ሊግ ኮታ አያዋጣም። በነጥብ መውረድ ያለበት ክለብ በአድራሻው ከተረፈ ሠንጠረዡ ምን ሊረባ! አድልዎው የሚደበቀው ከታች ባሉት ሊጎች ነው። ጀርመንን እዩ፤ አራተኛው እርከን 5 የክልል ሊጎች ሲኖሩት ወደ ሦስተኛው እርከን ማደጊያው ቦታ 4 ብቻ ነው። የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ አሸናፊዎች በቀጥታ ያድጋሉ። ከሰሜን፣ ከሰሜን ምሥራቅና ከባቫሪያ አንዱ በተራ በቀጥታ ያልፍና ሁለቱ በደርሶ መልስ ይለያሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 የሰሜን ምሥራቁ ሻምፒዮን ሎኮሞቲቭ ላይፕዚግ በሰሜኑ ሻምፒዮን በሃቨልዘ ተሸንፎ ሳያድግ ቀረ (የምሥራቅ ጀርመን ክለቦች በዚህ አሠራር ላይ የሚያሰሙት ጩኸት በከንቱ አይደለም)። ስለዚህ መጀመሪያ የምድቦችና የማደጊያ ቦታዎች ቁጥር እኩል ይሁን። ከዚያ የሩቅ ክለቦች የጉዞ ወጪ ከጋራው የቴሌቪዥን ገቢ ይደጎም፤ አውቶቡስና ሆቴል በጀታቸውን ከበላው ቢያድጉም በዓመቱ ይመለሳሉ።