መልስ፦ በጣት አሻራ ብሔር ይታወቃል ወይ?

ወንድሜ፣ «ፋይዳ ስመዘገብ አሥሩንም ጣቴን አስነካሁ፤ ከዚያ አሻራ ሲዳማ ልሁን ወላይታ ይለያል?» ብለህ ጠይቀሃል። አይለይም። ጥያቄህ ግን የዋዛ አይደለም።

የጣት መስመር መሠራት የሚጀምረው ገና በማህፀን፣ 10ኛው ሳምንት ግድም ነው። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ንድፉ ዕድሜ ልክ ያው ነው። እዚህ ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ሲበልቱ የሚውሉት ልጆች ጣታቸው ቢላላጥም መስመሩ እንደነበረው ተመልሶ ይወጣል።

ተመራማሪዎች ሕዝብን ከሕዝብ ሲያወዳድሩ የሚያዩት አንድን ጣት ሳይሆን የብዙ ሰው ድምር ነው። ከየሕዝቡ ብዙ ሰው ወስደው እንደ ቅስት የጎበጠው፣ ታጥፎ የሚመለሰው፣ እንደ አዙሪት የሚዞረው መስመር በመቶ ስንት ነው ይላሉ። ምሥራቅ እስያ ውስጥ አዙሪት በርከት ይላል፤ በደቡባዊ አፍሪካ ሳን ሕዝቦች ዘንድ ደግሞ ቅስት። መዳፍ ላይም ከጣቶች ሥር ከሦስት አቅጣጫ የሚመጡ መስመሮች የሚገናኙባቸውን ነጥቦች ፈልገው በመካከላቸው ያሉትን መስመሮች ይቆጥራሉ። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፣ ዓይን ያደክማል!

የመስመሩ ብዛት በእጅጉ ይወረሳል። ዝርዝሩ ግን በማህፀን ሁኔታም ስለሚወሰን የአንድ እንቁላል መንትዮች እንኳ አሻራቸው ይለያያል። እንግሊዛዊው የአሻራ ተመራማሪ ፍራንሲስ ጋልተንም በ1892 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ ዘር ሊለይበት ሞክሮ አልሆነለትም። እኔ ለዝምድና የማምነው ዲኤንኤን ነው። አሻራ ግን ቀለምና ወረቀት ብቻ ስለሚበቃው፣ የዲኤንኤ ምርመራ ባልነበረበት ጊዜ ብዙ አሠርቷል።