«ገበናችንን አደባባይ አወጣሽው»

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጃችን ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለበት። አይራመድም። ሲናገር የሚገባን ለእኔና ለዘጠኝ ዓመት እህቱ ብቻ ነው። ከአምስት ወር በፊት እንደኛ ዓይነት ልጅ ያላቸው ወላጆች የሚገናኙበት ቦታ መሄድ ጀመርኩ። አልቅሼም ስቄም፣ ቀሎኝ እመለሳለሁ። ባለቤቴ ሲሰማ «ገበናችንን አደባባይ አወጣሽው» ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ወዲህ አኩርፏል፤ አምሽቶ ይገባል። መሄዱን ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትተዪው። ግን ባልሽንም ጥለሽው አትሂጂ።

በደብዳቤሽ መሃል አንድ ነገር ጠቅሰሽ አልፈሻል። ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ ባለቤትሽ ብቻውን ቁጭ ብሎ፣ የወንበሩ ማሰሪያ የልጁን ትከሻ እንዳይልጠው ጨርቅ ሲሰፋበት አይተሽዋል። እኔ እዚያ ቦታ ላይ ቆሜ ደግሜ አነበብኩት። ይሄ ልጁን የሸሸ አባት ሥራ አይደለም። አዝኗል፤ ኀዘኑን የሚናገርበት አፍ ነው ያጣው።

እ.ኤ.አ. በ1962 ሳይመን ኦልሻንስኪ የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ የእንደናንተ ዓይነት ወላጆችን ስሜት «ሥር የሰደደ ኀዘን» ብሎ ጠራው። በሽታ አይደለም፣ ተፈጥሯዊ ነው አለ። ሰው ሲሞት ተለቅሶ ቀስ በቀስ ይወጣል። የናንተ ግን ልጁ አጠገባችሁ እየሳቀ ተመልሶ ይመጣል። እኩዮቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ይመጣል። የልደቱ ቀን ይመጣል። አንቺ ሲመጣብሽ የምትሄጂበት አገኘሽ፤ እሱ የለውም።

ገበና ላለው ግን መልስ አለኝ። ሴሬብራል ፓልሲ የሚመጣው በማደግ ላይ ያለ አንጎል በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም ከዚያ በኋላ ባለው የጨቅላነት ጊዜ ሲጎዳ ነው። እርግማን አይደለም፤ የማንም ኃጢአት አይደለም። ይህን ለባልሽ በግልጽ የነገረው ሐኪም አለ? እኔ ጋ የሚመጡ አባቶች «ከኔ ይሆን እንዴ?» የሚለውን ለዓመታት ሆዳቸው ውስጥ አምቀው ነው የሚኖሩት። አንድ ቀን ሐኪሙ ዘንድ አብራችሁ ግቡ።

አንድ ነገር ላይ ግን ባልሽ እውነት አለው። ድካምሽ፣ እንቅልፍ ማጣትሽ፣ ፍርሃትሽ ያንቺ ነው፤ ተናገሪው። የልጁ ገላ፣ ዳይፐሩ፣ ሲያለቅስ የተነሳው ፎቶ ግን የሱ ነው። አጥርቶ አለመናገሩ አይገባውም ማለት አይደለም፤ ነገ አሥራ አምስት ዓመት ይሞላዋል። ባልሽ መኝታ ቤት የነገረሽንም ሳታስፈቅጂው አታውሪ።

ከሌሎቹ ወላጆች ብልሃታቸውን ውሰጂ። ሲበላ ትን እንዳይለው እንዴት እንደሚያስቀምጡት፣ ጀርባሽ ሳይጎዳ እንዴት እንደምታነሺው ያሳዩሻል። የልጃቸውን መድኃኒት ግን ያለ ሐኪም አትስጪው።

ልጅቷንም አትርሺ። የወንድሟ አስተርጓሚ ሆናለች፤ ጎበዝ ናት፣ ግን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት ስለ እሱ የማይወራበት፣ የሷና ያንቺ ብቻ ይሁን።

ወደ ባልሽ ልመለስ። «ናና ስሜትህን ተናገር» አትበዪው፤ ይሸሻል። ማታ ማሰሪያውን ሲሰፋ ሄደሽ አጠገቡ ቁጭ በዪ። ክሩን ያዢለት። ከዚያ «ይሄን አሠራር ለነዚያ ወላጆች ላሳያቸው?» ብለሽ ጠይቂው። እምቢ ካለ አታሳዪ። እሺ ካለ ደግሞ ወንበሩን ራሱ ይዞት እንዲመጣ ለምኚው።